ከደሴ ሆኖ የጭቃ አኒሜሽን መጀመር፦ አርድማንን ላየ ተማሪ የት ይነሳ?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ያ ጀመዓ። አርድማን የሚባለውን የእንግሊዝ ፊልም ሠሪ ኩባንያ ሰሞኑን ነው ያገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። አፍ የሌለው የጭቃ ውሻ ቅንድቡን ብቻ ከፍ ዝቅ እያደረገ ከሚናገር ተዋናይ በላይ ያስቃል። ይህን እዚሁ ደሴ መሞከር እፈልጋለሁ።

ያለኝ መካከለኛ አንድሮይድ ስልክ፣ የጓደኛ ላፕቶፕ፣ አንድ የኪራይ ክፍልና ወደ 3,000 ብር ነው። የምጠይቃችሁ፦ ጭቃው ምንድን ነው፣ የሸክላ አፈር ይሆናል ወይ? መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም አሻንጉሊቱን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ አንድ አንድ ፎቶ እያነሡ፣ መቅረጽ ይቻላል? ገጸ ባሕርያቱ አማርኛ ሲናገሩ አፋቸው እንዴት ይሠራል? ለየድምፁ የሚሆነውን የአፍ ቅርጽ የሚያሳዩት ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰንጠረዦች ሁሉ ለእንግሊዝኛ ናቸው። ደግሞ ሲያልቅ ለራሱ ለኩባንያው ብልክላቸውስ?

---

የቦርከና ልጅ

አብሽር፣ ይቻላል። ግን በመጀመሪያ ከነሱ የምትወስደው ምን እንደሆነ እንለይ፤ ብዙ ሰው ጭቃውን አይቶ ዋናውን ነገር ያልፈዋል።

ፒተር ሎርድና ዴቪድ ስፕሮክስተን አብረው የተማሩ ጓደኞች ነበሩ። ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1972 ኩባንያውን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ ብሪስቶል ገቡ። ያን አፍ የሌለው ውሻ የፈጠረው ኒክ ፓርክ ደግሞ በተማሪነቱ እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረው ፊልም 23 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ያለቀው በ1989 ነው፤ መሐል ላይ በ1985 እነሱ ዘንድ ተቀጥሮ። ይህን የምልህ እንድትፈራ አይደለም፤ ርዝመቱን አሁኑኑ እንድትቆርጥ ነው። ሁለት ደቂቃ ብለህ ከተነሣህ አትጨርሰውም። 20 ሰከንድ ያዝ። በሰከንድ 12 ፍሬም ከቀረጽክ 240 ፍሬም ይሆናል። ጀማሪ የአሻንጉሊቱን አፍ እየቀያየረ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ፍሬም ስለሚያነሣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ንጹሕ ሥራ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ።

አሁን ወደ ጭቃው። የሸክላ አፈር ለገጸ ባሕርይ አይሆንም። የያዘው ውሃ መብራት ሥር በአንድ ሰዓት ውስጥ ይተናል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ቀለሙ ይነጣል፣ ሽቦው ባለበት ቦታ ይሰነጠቃል። ለቤቱ ግድግዳ፣ ለማድጋው፣ ለድንጋዩ ግን ከሱ የተሻለ የለም፤ እነዚያ ስለማይንቀሳቀሱ ቢደርቁም ምንም አይሉ። የሚንቀሳቀሰው አካል የማይደርቅ፣ ቅባት ያለው ጭቃ ይፈልጋል። የሕፃናት ፕላስቲሲን ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ይገኛል፤ ችግሩ አብዛኛው በጣም ለስላሳ ነው፣ ክንድ ቀጥ አድርጎ አይዝም። ስለዚህ ወይ እሱን ታጠነክራለህ ወይ ራስህ ትሠራለህ።

ራስህ ለመሥራት ወሎ ውስጥ ከሁሉ የሚቀልለው ሰም ነው። ጠጅ ከሚጥሉ ሰዎች ሰፈፍ ጠይቅ። ሰፈፉን በውሃ አፍልተህ በቀጭን ጨርቅ አጥልለው፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ እንደ ቂጣ ይጋገራል። ከሥሩ የሚለጠፈውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላዋ ፋቀው። ከዚያ፦

ሰም 100 ግራም፣ ቫዝሊን 60 ግራም፣ የምግብ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በወንፊት የተነፋ የጠመኔ ዱቄት 200 ግራም ገደማ።

ሰሙን ከነቫዝሊኑና ዘይቱ በትንሽ ጣሳ አድርገህ ጣሳውን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጥ። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የውሃው ሙቀት ይበቃዋል። በቀጥታ እሳት ላይ ከጣድከው ይጋያል፤ በዚህ ቀልድ የለም። ሲቀልጥ ከእሳቱ አውርደህ ጠመኔውን ጥቂት በጥቂት ጨምር፣ አማስል፣ ለብ ሲል እንደ ሊጥ እሸው። እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ደርሷል። የጠመኔው መጠን እንደ ሰሙ ጥራት ስለሚለያይ 200 ግራሙን በአንዴ አትድፋው። ቀለም ስትጨምር የዱቄት ቀለም ወይም የዘይት ቀለም ተጠቀም፤ የምግብ ቀለም ውሃ ስለሆነ ከቅባቱ ጋር አይዋሐድም፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ሰሙ ራሱ ቢጫ ስለሆነ ንጹሕ ነጭ አትጠብቅ። በግ ከሠራህ ያ ቢጫነት እንደውም ያምራል።

ፈተናው ይህ ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክንድ ያለ ሽቦ ሠርተህ ከጠረጴዛ ጠርዝ ግማሹን አውጥተህ መብራት ሥር 15 ደቂቃ ተወው። ከተጎነበሰ ጠመኔ ይጎድለዋል። ስታጥፈው ከተሰነጠቀ ቫዝሊን በሻይ ማንኪያ ግማሽ ግማሽ ጨምር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና ጠዋት ጠዋት ጭቃው ድንጋይ ይሆንብሃል፤ ኮምቦልቻ ወርደህ ብትቀርጽ ያው ጭቃ ይልመሰመሳል። የት እንደምትቀርጽ ሳትወስን አትለካው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አርድማኖችም ሁሉንም በጭቃ አይሠሩም። በትልልቆቹ ፊልሞች አካሉ ጠንከር ካለ ነገር ተቀርጾ ጭቃው ፊትና እጅ ላይ ይቀራል። አንተም አካሉን ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭና ከስፖንጅ ሥራው፤ ልብስ አይቀልጥም፣ የጣት አሻራም አያሳይም።

---

የሆጤ ሽቦ

ስለ አጽሙና ስለ መብራቱ እኔ ልመልስ።

ሽቦ፦ አልሙኒየም፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሁለቱን አጥፈህ በድሪል አፍ አስይዘህ የምታፈትለው። ለእግር ሦስት ድርብ። አልሙኒየም ካጣህ ከግድግዳ መስመር የሚላጠው የመዳብ ሽቦ ይሠራል፤ ግን መዳብ በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረ ሄዶ ክርኑ ላይ ቀጭ ይላል። የግንባታ ማሰሪያ ሽቦ አትንካ፤ ካጠፍከው በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያቺ ትንሽ መመለስ በ12 ፍሬም ላይ መንቀጥቀጥ ሆና ትታያለች።

የትኛውም ሽቦ ይሰበራልና ክንዱን የሚነቀል አድርገው። የእስክሪብቶ የቀለም ቱቦ በሁለት ሳንቲ ሜትር ቆርጠህ ትከሻው ውስጥ በኢፖክሲ አጣብቅ፤ የተፈተለው ክንድ እዚያ ይሰካል። ሲሰበር አካሉን ሳታፈርስ ሌላ ትሰካለህ። እግር ሥር 4 ሚሊ ሜትር ዳዶ በኢፖክሲ አጣብቅ፤ የመድረኩን ጣውላ በስተህ ከታች በቡሎን ታስረዋለህ። ያልታሰረ አሻንጉሊት ይወድቃል፤ የሚወድቀው ደግሞ ሁልጊዜ 200ኛው ፍሬም ላይ ነው።

እውነቱን ከፈለግክ ግን ለመጀመሪያ ሥራህ እግር አትሥራ። የተቀመጠ በግ፣ ከፊቱ ማይክ። የሚንቀሳቀሰው ራስ፣ ዓይን፣ አፍ፣ ምናልባት አንድ እጅ። ከሥራው ግማሹ ይቀንስልሃል፣ ተመልካቹም ምንም አይጎድልበትም።

ለዓይን ነጭ ዶቃ ግዛ። የዶቃው ቀዳዳ ራሱ ብሌን ነው። ዶቃውን ፊቱ ላይ ስትቀብረው ቀዳዳው ወደ ፊት ይዙር፤ በየፍሬሙ መርፌ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ ታዞረዋለህ። ጣትህ ፊቱን ሳይነካ ዓይኑ ወደፈለግክበት ይሄዳል።

መብራት። የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው ይባላል፤ 220ውን ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ፈልገው። ቮልቴጁ ሲወርድና ሲወጣ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ያንን በኋላ በኤዲቲንግ ማስተካከል ከመቅረጹ ይከፋል። መፍትሔው ከግድግዳው መላቀቅ ነው። 5 ዋት የሚወስዱ ሁለት የዩኤስቢ ኤልኢዲ መብራቶችና አንድ 20,000 ሚሊ አምፕ ሰዓት ፓወር ባንክ በቂ ናቸው። ጥሩ ፓወር ባንክ ከሆነ ሁለቱን ከአራት ሰዓት በላይ ያበራል። መብራት ቢጠፋም አንተ አታውቀውም። ማብሪያው ላይ ብርሃን መቀነሻ ካለው አትጠቀምበት፤ ርካሾቹ ብርሃን የሚቀንሱት በፍጥነት እያጠፉና እያበሩ ነው፣ ካሜራው ያንን ይይዘዋል። ብርሃን መቀነስ ከፈለግክ መብራቱን አርቀው፣ ማለስለስ ከፈለግክ የመጋገሪያ ወረቀት ከፊቱ ስቀል፣ ግን ከመብራቱ በአንድ ስንዝር አርቀህ።

መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ዝጋ። የደሴ ሰማይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጭጋግም ፀሐይም ያሳይሃል። የምትለብሰውም ይቆጠራል፦ ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ ወዲያ ወዲህ ስትል ብርሃኑ አንተ ላይ ነጥሮ በጉን ይነካዋል። ጥቁር ልበስ፣ ስትጫን ሁሌ አንድ ቦታ ቁም።

---

ባለ ማሲንቆ

ስለ ድምፅ ማንም አልተናገረም፣ እዚህ ሥራ ላይ ግን መጀመሪያ የሚሠራው ድምፁ ነው። ሥዕሉ ድምፁን ይከተላል እንጂ በተቃራኒው አይሆንም።

አርድማን እ.ኤ.አ. በ1989 አምስት ደቂቃ ያህል የምትሆን ሥራ ሠርቶ ነበር፤ በኋላ ኦስካር አገኘችበት። ዘዴው ቀላል ነው፦ ተራ ሰዎችን ስለ ኑሯቸውና ስለ ቤታቸው ጠይቀው ቀዱ፣ ከዚያ ያንን ድምፅ በመካነ እንስሳት ላሉ አራዊት አፍ ሰጡት። የተጻፈ ስክሪፕት የለም። ሰው ሲያመነታ የሚለው «እእእ»፣ ሐረግ መሐል የሚስቀው ሳቅ፣ እሱ ነው ገጸ ባሕርይ የሚሆነው። ላንተ የሚስማማው ይህ ነው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ወሬ አዋቂ አይጠፋም። ሰላምታው ብቻ፣ ከብቱ ደኅና፣ ልጆቹ ደኅና፣ ጎረቤቱ ደኅና እያለ ሲሄድ 20 ሰከንድ ይሞላል።

ግን አንድ ነገር ከእንግሊዞቹ በቀጥታ አይገለበጥም። እኛ ዘንድ የሰውን ድምፅ ለአህያ ወይም ለዝንጀሮ መስጠት ስድብ ነው፤ ለአሳማና ለውሻ ደግሞ ከስድብም ያልፋል። እናት ድምፃቸውን አምነው ሰጥተውህ በአህያ አፍ ሲሰሙት ይቅርታህን የሚቀበል የለም። በግ፣ ዶሮ፣ ግመል፣ ወፍ ይሻላል። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ቆሞ እንደ ታዛቢ የሚያወራ ግመል አስበው። የትኛውን እንስሳ እንደምትሠራ ከመቅዳትህ በፊት ንገራቸው፤ ፈቃዳቸውንም እዚያው ቅጂው መጀመሪያ ላይ በራሳቸው ድምፅ ያስገቡ፦ ለምን ፊልም፣ የት እንደሚታይ፣ እንደተስማሙ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ይስማማ።

ቀረጻው፦ ባለ ክሊፕ ማይክ ከአገጭ በአንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ይሁን፣ ሻርፕ ወይም ነጠላ እንዳይፈትገው አድርገህ። ፋይሉ ዋቭ፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ሰው ሲስቅ ድንገት ይወጣልና ቦታ ተውለት። የተለሰነና ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ከሰውየው ጀርባና ጎን ስቀል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ቆርቆሮ ጣራ ሥር አትቅዳ፤ የዝናቡ ጩኸት ከንግግሩ ላይ አይነሣም። የዐዛንና የቅዳሴ ሰዓት አስቀድመህ እወቅ። ቡና ላይ ሰው ጥሩ ያወራል፣ እውነት ነው፣ ግን የሲኒ ኳኳታ ቃል መሐል ይገባል፤ ረከቦቱ ከተነሣ በኋላ ቅዳ። በመጨረሻ ሁላችሁም ዝም ብላችሁ የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዳ፣ ስትቆራርጥ ክፍተት የምትሞላበት ነው።

ጥያቄህ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያሰኝ አይሁን። «ቤቱ ሰፊ ነው?» ካልክ አንድ ቃል ታገኛለህ። «ይህን ቤት የማያውቅ ሰው ቢመጣ ምን ይሉታል?» በል። ድምፅህ ስለማይገባ ጥያቄውን በመልሳቸው ውስጥ እንዲደግሙት ጠይቃቸው። 20 ደቂቃ ቀድተህ 20 ሰከንድ ካወጣህ ጥሩ ነው።

አሁን አፍ። የእንግሊዝኛውን ሰንጠረዥ ተወው፤ እኛ ሰባቱ ፊደላት አሉልን፣ ግዕዝ ካዕብ ሣልስ እያልን የተማርነው የአፍ ቅርጽ ነው። ዘጠኝ አፍ ይበቃሃል፦

1 ዝግ፦ ለ«መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ»
2 የታች ከንፈር ጥርስ ሲነካ፦ ለ«ፈ፣ ቨ»
3 ጠባብ፦ ለሳድስና ለቀሩት ተነባቢዎች
4 ግማሽ ክፍት፦ ለግዕዝ
5 ሰፊ ክፍት፦ ለራብዕ
6 ወደ ጎን የተለጠጠ፦ ለሣልስና ለኃምስ
7 ትንሽ ክብ፦ ለካዕብና ለ«ወ»
8 ትልቅ ክብ፦ ለሳብዕ
9 ምላስ የሚታይበት፦ ለ«ለ»

«ቋ፣ ጓ፣ ሏ» ሲመጡ 7 ቀድሞ 5 ይከተላል።

እንግሊዞቹ የሌላቸው ሁለት ነገር አለን። አንዱ መጥበቅና መላላት ነው። በ12 ፍሬም አንዱ ሥዕል 83 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆያል። «ገበያ» ሲባል «በ» ላልቷልና አፍ ቁጥር 1 አንድ ፍሬም ይበቃዋል፤ «ገባ» ሲባል ጠብቋልና ሁለት ፍሬም ይያዝ። ይህን ካልጠበቅክ ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ባያውቅም በጉ የውጭ አገር ሰው ይመስለዋል። ሌላው «ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ» ናቸው፤ ትንፋሹ ይታፈንና ይፈነዳል። እዚያ ላይ ጠባቡን አፍ ያዝና ቀጣዩን ያለ መሸጋገሪያ ክፈተው።

ምሳሌ፣ በአንድ ሰከንድ የተባለ «ቤቱ ጠቦኛል»፦

ቤ፦ 1፣ 6፣ 6
ቱ፦ 7፣ 7
ጠ፦ 3፣ 4
ቦ፦ 1፣ 1፣ 8
ኛ፦ 5
ል፦ 9

አሥራ ሁለት ፍሬም፣ አንድ ሰከንድ። ይህን ሠንጠረዥ ለሙሉው 20 ሰከንድ ካሬ ባለው የሂሳብ ደብተር ላይ ካሜራ ሳትነካ ጨርሰው፤ አንዱ መስመር አንድ ፍሬም፣ ከጎኑ የዓይንና የራስ ዓምድ። ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ ከፍተህ ሞገዱን አጉልተህ እያየህ ትሞላዋለህ። አፉ ከድምፁ በአንድ ፍሬም ይቅደም፤ እኩል ከሆነ የዘገየ ይመስላል። ሁሉንም ፊደል ለመያዝ ደግሞ አትጨነቅ፤ ፈጣን ንግግር ላይ ዝጉን፣ ክቡንና ሰፊውን ካልሳትክ የቀረውን ዓይን ይሞላዋል።

---

የቦርከና ልጅ

ባለ ማሲንቆ ጥሩ ብሏል። አፎቹን አስቀድመህ ሠርተህ በካርቶን ክዳን ላይ በቁጥር ደርድራቸው፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ስትቀይር ፊቱ ላይ ለጥፈህ ስፌቱን በስቴኪኒ ጀርባ ትደመድመዋለህ። 1 እና 3 ቶሎ ስለሚያረጁ ሦስት ሦስት ይሁኑ።

ስልኩን በተመለከተ ባጭሩ፦ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው አፕ በነጻ ይጀመራል፤ ያለፈውን ፍሬም እንደ ጥላ ያሳይሃል። ትኩረቱን፣ የብርሃን መጠኑንና የቀለም ሚዛኑን ቆልፍ፤ ሦስቱም በራስ ሰር ከሆኑ በጉ ራሱን ባዞረ ቁጥር ግድግዳው ቀለም ይቀይራል። የአውሮፕላን ሞድ አድርገው፣ ስልክ ከተደወለ ይንቀጠቀጣልና ፍሬሙ ይሄዳል። ስክሪኑን በጣት አትንካ፤ በኢርፎን የድምፅ ቁልፍ ወይም በብሉቱዝ ማንሻ አንሣ። ስልኩን የያዘው ነገር ከመድረኩ ጣውላ ጋር አንድ ላይ ይታሰር። ጣውላው ቢነቃነቅ ስልኩም አብሮ ይነቃነቃል፣ ሥዕሉ ላይ አይታይም።

እንቅስቃሴ ስትሰጥ እኩል እኩል አታንቀሳቅስ። ራስ ሲዞር 1፣ 2፣ 4፣ 4፣ 2፣ 1 ሚሊ ሜትር ዓይነት ይሁን። ዓይን መጨፈን ሦስት ፍሬም ነው፦ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ግማሽ። ለዚህ ከጭቃው ቀጫጭን ቆብ ሠርተህ በዶቃው ላይ ትለጥፋለህ። ሰው ራሱን ሲያዞር ብዙ ጊዜ ይጨፍናልና ጭፈናውን ከመዞሩ ጋር አጋጥመው። በጉ ዝም በሚልበት ቦታ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አታቁመው፤ ጆሮውን በየአራት ፍሬሙ ግማሽ ሚሊ ብታነካካ ይበቃል፣ አለበለዚያ የሞተ ይመስላል።

---

ሸዋ በር ኤዲተር

ስለ መላኩ ጥያቄህ። ስክሪፕት ወይም የፊልም ሐሳብ አትላክላቸው። ትልልቅ ኩባንያዎች ያልጠየቁትን ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከፍተው አያነቡም፤ በኋላ «ሐሳቤን ወሰዳችሁ» የሚል ክስ እንዳይመጣ ነው። የተጠናቀቀ ሥራ ግን ሌላ ነው፦ 20ዋን ሰከንድ ኢንተርኔት ላይ አውጣት፣ ከሥሯ ማን ምን እንደሠራ ጻፍ። አርድማን የራሱ የማሠልጠኛ አካዳሚ አለው፤ ትምህርቶቹ በክፍያ ናቸው፣ ከመክፈልህ በፊት ግን ቢያንስ ሦስት ሥራ ጨርስ። በአኒሜሽን የተማሪ ሥራ የሚወዳደርበት ታላቁ ፌስቲቫል ፈረንሳይ አንሲ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ አለ።

ቅርብ ያለው ገበያ ማስታወቂያ ነው። ለሱቅ፣ ለካፌ፣ ለበዓል መልካም ምኞት የሚሆን አሥር ሰከንድ የጭቃ ሥራ ለመሸጥ የሚያስፈልግህ ማሳያ 45 ሰከንድ ነው። ምርጡ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ የሚያይህ ሰው እስከ መጨረሻው አይጠብቅም።

ሙዚቃ ላይ ተጠንቀቅ። አምባሰልና ባቲ ቅኝቶች የማንም አይደሉም፤ የተቀዳ ዘፈን ግን የባለ መብቱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንና የቀራጩንም መብት ይጠብቃል። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለ20 ሰከንድ በቅኝቱ አዲስ ነገር እንዲመታልህ አድርግና በአንድ ገጽ ተፈራረሙ።

ኤዲቲንግ ላይ ፕሮጀክቱን መጀመሪያ 24 ፍሬም አድርገህ ክፈትና እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም አቆይ። 25 ላይ ከከፈትከው 12ቱ አይገጥምም፣ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፉ ይርቃል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ይበቃል፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ፋይል ካስገባህ በኋላ የፍሬም ቁጥሩን መቀየር አይፈቅድም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው አስተካክለው።

---

ጦሳ ሥር

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ለሙከራ 60 ፍሬም ያለ ድምፅ ተቀርጿል። ሦስት ችግር አለ፦ ብርሃኑ አሁንም ይተነፍሳል (ደመቅ ደብዘዝ ይላል)፣ ግድግዳው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ በጉ ደግሞ እየቆየ ፊቱ እየሰፋ ይሄዳል። መብራቶቹ ከፓወር ባንክ ናቸው።

---

የሆጤ ሽቦ

ምንም ሳትነካ 20 ፍሬም በተከታታይ አንሣ። ከተነፈሰ ስልኩ ነው፦ ቆልፌዋለሁ ያልከው የብርሃን መጠን አልተቆለፈም። አንዳንድ ስልክ ላይ ቁልፉ አፑን ዘግተህ ስትከፍት ይለቃል። ካልተነፈሰ ጥፋቱ ያንተ ጥላ ነው፤ ከመድረኩ ሁለት እርምጃ ርቀህ ካነሣህ ይቆማል። አንድ ሌላም አለ፦ ፓወር ባንኩ ከሩብ በታች ሲወርድ አንዳንዱ ጉልበቱ ይዋዥቃል፤ ሞልተህ ጀምር።

ግድግዳው የሚንቀጠቀጠው ካርቶን ስለሆነ ነው፣ እጅህ ሲያልፍ አየሩ ይነካዋል። ከጀርባው ጣውላ ደግፈህ በማዕዘኖቹ ላይ በቡሎን እሰረው።

---

የቦርከና ልጅ

ፊቱ የሚሰፋው አፍ በቀየርክ ቁጥር ወደ ውስጥ ስለምትጫነው ነው፤ ጭቃው የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ጉንጭ ይወጣል። ሦስት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ራሱ ውስጥ ጠንካራ እንብርት ይኑር፤ የደረቀ የኢፖክሲ ኳስ ወይም ትንሽ የእንጨት ኳስ፣ ከላዩ 4 ሚሊ ሜትር ጭቃ ብቻ። ሁለተኛ፣ አፉ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድመህ ጎድጉደው፣ አፎቹም በዚያው ጉድጓድ ልክ ይቆረጡ፤ ያኔ መጫን አያስፈልግም፣ ይገባል። ሦስተኛ፣ ሌላውን እጅህን ከማጅራቱ አስይዝ፤ ጣትህ ጉንጩን ከነካ ያለቀለት ነው።

የጣት አሻራ ከቀረ አታጥፋው፤ አርድማኖቹም ሆን ብለው ይተዉታል። ቆሻሻ ግን ሌላ ነው። ነጩ ጭቃ ከጥቁሩ በኋላ ከተነካ ይወይባል፤ በየአሥር ፍሬሙ እጅህን በጨርቅና በጥቂት ዘይት አብሰህ አድርቅ። ማታ ስታቆም በጉን አትንቀለው፣ የጫማ ካርቶን ገልብጠህ ክደንበትና ከክፍሉ ስትወጣ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋ።